ከቍጥሩ ጎን ያለችው ፊደል



በቀደም ዕለት አማርኛ በመማር ላይ ከሚገኙት ሹማምንት አንዱ የንብረት መዝገብ ይዘው ወደ እኔ መጡ። በመዝገቡ ላይ «ኤም 35 ኤ 2፤ የጭነት መኪና፤ ብዛት 1» ተብሎ ተጽፏል። እሳቸውም ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አሳርፈው «የጭነት መኪና የሚለውን አነበብሁ፤ ብዛት የሚለውንም ዐወቅሁ። ነገር ግን ይህ ኤም እና ይህ ኤ ምን ማለት ናቸው? በመዝገበ ቃላት ብፈልግ አጣኋቸው» አሉኝ። መዝገበ ቃላት እንደማይረዳቸው ነገርኋቸው፤ ፊደሎቹ ቃል አይደሉምና። የቃል ስባሪ ናቸው፤ ስባሪውም ከየትኛው ቋንቋ እንደ ተሰበረ ካልታወቀ ፍቺው አይገኝም።

እነሆ የዛሬውን ዐምድ ለእሳቸው ጥያቄ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት በዚሁ ጕዳይ ያደረስሁትን የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል። በወጣትነቴ በአንድ የመንግሥት ንብረት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል፣ ወደ ቈላው ወረዳ መድኃኒትና እህል የሚያመላልስ አንድ ከጦር ሠራዊት የመጣ የጭነት መኪና ነበረን። ሞተሩ ደከመና የማደሻ ዕቃ በሙሉ ከውጭ አገር እንዳስመጣ ታዘዝሁ። በመኪናው ውስጥ በተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ «ኤም 35 ኤ 2» የሚል ተቀርጿል። እኔም በልቤ «ዋናው ስሙ ኤም 35 ነው፤ የቀረው የፋብሪካ ጌጥ ይሆናል» ብዬ «ኤም 35» ብቻ ጽፌ ላክሁ። ጽሕፈቴ እጅግ ያማረ ነበር፤ አለቃዬም አመስግነውኛል።

ከአምስት ወር በኋላ ሣጥኑ ደረሰ። ሲከፈት ካርቡራተርና በወረቀት የተጠቀለሉ ካንዴላዎች ወጡ። የጋራዡ ሽማግሌ መካኒክ አንዱን ካንዴላ አንሥተው ወደ ብርሃን አቅንተው ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ይህን የት እንድሰካው ነው?»

«በሞተሩ ላይ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ይህ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። አንተ ምን ብለህ ጻፍህ?»

«ኤም 35 ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ኤ ሁለትንስ የት ጣልሃት?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም አልተቈጡኝም፤ ካንዴላውን በወረቀቱ መልሰው ጠቅልለው በእጄ አኖሩልኝ። አዲስ ማዘዣ ተጽፎ ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ ድረስ ክረምቱ ገባ፤ የቈላውም መንገድ ተዘጋ። በዚያ ዓመት መድኃኒቱ የሄደው በበቅሎ ነው፤ እርሱም ቢሆን እኩሌታው ብቻ ነው።

የሆነው ነገር እንዲህ ነበር። ኤም 35 የተባለው ባለ ሁለት ቶን ተኩል የአሜሪካ ጦር ካሚዮን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ ሞተሩ በቤንዚን የሚነሣ፣ ካንዴላና ካርቡራተር ያለው ነበር። በኋላ ግን ሞተሩ ተለወጠና ናፍጣም ሆነ ላምባ፣ ሲቸግርም ቤንዚን ማቃጠል የሚችል፣ ካንዴላ የማያስፈልገው ሞተር ገባበት። ለዚህ ለውጥ በመጀመሪያ ኤ 1፣ ቀጥሎም ኤ 2 የሚል ምልክት ተሰጠው። መኪናው ከውጭ ሲያዩት ያው መኪና ነው፤ ዐይኑም አፍንጫውም አልተለወጠም። የሆዱን ለውጥ የምትናገረው ያቺ እኔ የጣልኋት ፊደል ብቻ ነበረች።

አሁን ወደ ፊደሎቹ እንግባ። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ልማድ ኤም ማለት «ሞዴል» ማለት ነው። ቀድሞ ከዚህች ፊደል ቀጥሎ የሚጻፈው መሣሪያው ተቀባይነት ያገኘበት ዓመት ነበር፤ የ1903 ጠመንጃ «ኤም 1903» ይባል ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ዓመቱን ትተው እያንዳንዱን ዐይነት ዕቃ ከአንድ ጀምረው መቍጠር ያዙ። ከዚህም የተነሣ በኋለኛው ጦርነት ጊዜ ኤም 1 የሚባል ጠመንጃ፣ ኤም 1 የሚባል ካርቢን፣ ኤም 1 የሚባል የብረት ቆብም ነበረ። የኤም 3 ነገርማ ይብሳል፤ ኤም 3 ቀላል ታንክ አለ፣ ኤም 3 መካከለኛ ታንክ አለ፣ ከፊት በጐማ ከኋላ በሰንሰለት የሚሄድ ኤም 3 ብረት ለበስ መኪና አለ፣ በአራት ጐማ የሚሄድ ኤም 3 የቃፊር መኪና አለ፣ ኤም 3 የእጅ መትረየስም አለ። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ «ኤም 3 ይላክልን» ብሎ ቢጽፍ ምንም አልጠየቀም ማለት ነው። የዕቃው ዐይነት ከፊት መጻፍ አለበት፤ ሹሙ ያሳዩኝ መዝገብ «የጭነት መኪና» የሚለውን ቃል ስለ ጨመረ ጸሐፊው ሥራውን ያውቃል።

መሣሪያው ገና በሙከራ ላይ ሳለ ኤም አይባልም። በቀድሞው ልማድ ቲ ይባል ነበር፤ ፈተናውን ሲያልፍ ቲ ትወድቅና ኤም ትተካለች። በ1945 ወደ አውሮፓ የጦር ሜዳ የደረሰው ከባድ ታንክ አስቀድሞ ቲ 26 ኢ 3 ይባል ነበር፤ ተቀባይነት ሲያገኝ ኤም 26 ተባለ። በኋላ ዘመን ቲ ተትታ በኤም ፊት ኤክስ ማድረግ ተለመደ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገልግሎት የገባው ኤም 1 ታንክ በሙከራው ጊዜ ኤክስ ኤም 1 ነበር። አንባቢ ይህን እንደ ዲቍናና እንደ ቅስና ቢያስበው አይሳሳትም፤ ሰውዬው ያው ነው፤ ማዕርጉ ግን ሥራውን ይለውጣል።

ከቍጥሩ በኋላ የምትመጣው ኤ ተቀባይነት ያገኘ ለውጥ ማለት ናት። ኢ ደግሞ ገና የሙከራ ለውጥ ማለት ናት። እዚህ ላይ ለአማርኛ ተማሪዎቼ አንድ የአገራችንን ወጥመድ ላሳይ። የላቲን ፊደል ስም በእኛ ጽሕፈት የሚጻፈው እንደ ሰማነው ነው። እንግሊዝኛ የተማረ ጸሐፊ የመጀመሪያዪቱን የላቲን ፊደል «ኤ»፣ አምስተኛዪቱን «ኢ» ብሎ ይጽፋል። በጣልያን ዘመን ወይም ከጣልያን መካኒክ የተማረው ግን የመጀመሪያዪቱን «አ» ይላታል፤ አምስተኛዪቱን ነው «ኤ» የሚላት። እንግዲህ «ኤ 2» የሚል ጽሕፈት በአሮጌ መዝገብ ቢገኝ፣ ጸሐፊው ከማን እንደ ተማረ ሳይታወቅ የትኛዋ ፊደል እንደ ሆነች በርግጥ መናገር አይቻልም። ከመዝገቡ ይልቅ ወደ መኪናው ወርዶ ሰሌዳውን ማየት ይሻላል። እኔ ዛሬም ቢሆን አሮጌ መዝገብ ስገለብጥ ከጎኑ የላቲኑን ቅርጽ በእርሳስ ሥዬ አኖራለሁ።

ኢ የሙከራ ናት ስል ሁልጊዜ ሙከራ ሆና ትቀራለች ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤም 4 ኤ 3 ኢ 8 የተባለው ታንክ ሰፊ ሰንሰለትና አዲስ መወጣጠሪያ የተደረገለት ነበር፤ ወታደሮች በሬዲዮ ሲነጋገሩ ኢን «ኢዚ» ብለው ይጠሩ ስለ ነበር ታንኩ «ኢዚ ኤይት» ተባለ። ኢዚ በእንግሊዝኛ «ቀላል» ማለት ነውና ብዙ ሰው ለመንዳት ቀላል ስለ ሆነ ይመስለዋል። ስሙ የወጣው ግን ከፊደሏ ነው።

ይኸው ኤም 4፣ እንግሊዞች ሸርማን ብለው የሰየሙት ታንክ፣ ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። ሰው ሁሉ ኤ 4 ከኤ 1 የተሻለ ይመስለዋል፤ ቍጥር ሲያድግ ዕቃም የሚያድግ ይመስላልና። በሸርማን ላይ ግን ይህ አይሠራም። ኤ 1 አካሉ በአንድነት ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። ኤ 2 ሁለት የናፍጣ ሞተሮች ተጣምረው የገቡበት ነው። ኤ 3 ፎርድ የሠራው ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለው። ኤ 4 ደግሞ ክራይስለር አምስት የመኪና ሞተሮችን በአንድ አስሮ ያወጣው ባለ 30 ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት ነው፤ እርሱን ለማስገባት አካሉን ማስረዘም ግድ ሆነ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ተሠሩ። ምክንያቱም ፋብሪካው ብዙ፣ የሞተር እጥረቱም ብርቱ ስለ ነበር ነው። ቍጥሩ የወንድማማቾች መለያ እንጂ የደረጃ ምልክት አልነበረም። የአሜሪካ ሠራዊት ራሱ ይበልጥ የወደደው ኤ 3ን ነው፤ ኤ 4ን በብዛት የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው።

ፊደል ሕይወት የምታድንበትም ጊዜ አለ። ከ1960 ገደማ ጀምሮ በአሜሪካ ጦር የጂፕን ቦታ የያዘችው ኤም 151 የተባለች ትንሽ መኪና ነበረች። አራቱም ጐማዎቿ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይወጡና ይወርዱ ስለ ነበር በኰረኰንች ላይ ምቹ ነበረች። ነገር ግን የኋላ ጐማዎቿ አሠራር ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ሾፌሩ በፍጥነት ሲጠመዝዛት የኋላ ጐማዋ ወደ ውስጥ ትታጠፍና መኪናዪቱ ትገለበጥ ነበር። በዚህ ብዙ ወታደር ሞተ፣ ቈሰለም። ኤ 1 የተባለችው ይህን ጕድለት አልፈወሰችውም። በ1970 በወጣችው በኤ 2 ላይ ግን የኋላው መወጣጠሪያ ተለውጦ ጠባይዋ ተሻሻለ። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት ከአገልግሎት የወጡትን እነዚህን መኪናዎች ለሕዝብ መንገድ አይሆኑም ብሎ እንዳሉ ከመሸጥ ይልቅ እየቈራረጠ እንዲወገዱ አደረገ። እንግዲህ ሁለት መኪና በአንድ ጋራዥ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዷ ኤ 1 ሌላዪቱ ኤ 2 ብትሆን፣ ለሾፌሩ ሳይነግሩ ቍልፉን መስጠት በደል ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጦሩ ፊደል ነው። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ደግሞ የራሱ ፊደል አለው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው። ጂ ኤም ሲ የተባለው ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአምስት መቶ ሺሕ በላይ የሠራው ባለ አሥር ጐማ ካሚዮን «ሲ ሲ ኬ ደብሊው» ይባላል። አንደኛዪቱ ሲ በ1941 የተነደፈ ማለት ናት። ሁለተኛዪቱ ሲ ሞተሩ ከጋቢናው ፊት ለፊት የሆነ፣ እንደ ተለመደው መኪና ማለት ናት። ኬ የፊት ጐማውም በሞተር ኀይል ይዞራል ማለት ናት። ደብሊው ሁለቱም የኋላ አክስሎች በሞተር ኀይል ይዞራሉ ማለት ናት። አንድ ፊደል በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ማለቱን ልብ ይሏል። ጋቢናው በሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሲሆን ሁለተኛዪቱ ሲ ትቀርና ኤፍ ትገባለች።

አማርኛ ለሚማሩ ሹማምንት እዚህ ላይ የምትጠቅም አንዲት ቃል አለች፤ «ባለ» ናት። እንግሊዞችና አሜሪካውያን ፊደል የሚደረድሩበትን ነገር አማርኛ በ«ባለ» ይናገረዋል። ባለ አሥር ጐማ፣ ባለ ናፍጣ፣ ባለ ሰንሰለት፣ ባለ መድፍ እንላለን። ደብዳቤ ሲጽፉ ኮዱን እንዳለ ገልብጠው ከጎኑ በ«ባለ» ቢያብራሩት አንባቢው ፈጽሞ አይሳሳትም።

ያው ፋብሪካ ከዚሁ ካሚዮን አካል በየብስም በውኃም የሚሄድ መኪና አወጣ። ስሙም «ዲ ዩ ኬ ደብሊው» ሆነ። ዲ የ1942 ንድፍ ማለት ናት፤ ዩ በውኃም የሚሄድ የአገልግሎት መኪና ማለት ናት፤ ኬ እና ደብሊው እንደ በፊቱ ናቸው። አራቱ ፊደሎች በአንድነት ሲነበቡ «ዳክ» የሚል ድምፅ ሰጡ፤ ዳክ በእንግሊዝኛ የኛ ዳክዬ ናት። በውኃም በየብስም ስለምትሄድ ስሙ ታስቦ የወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን የፋብሪካው የመዝገብ ፊደሎች በአጋጣሚ የሰጡት ነው። እነዚህ ዳክዬዎች በሐምሌ 1943 ሠራዊትና ስንቅ ወደ ሲሲሊ ባሕር ዳር አወጡ፤ በሚከተለውም ዓመት በኖርማንዲ ይህንኑ አደረጉ።

ስለ ጂፕም ሳልናገር ባልፍ አንባብያን አይምሩኝም። ሁሉም ሰው «ጂፕ የመጣው ከጂ ፒ ነው፤ ጂ ፒ ማለት ለሁሉ አገልግሎት የሚሆን ማለት ነው» ይላል። ግማሹ ስሕተት ነው። ፎርድ ጂ ፒ የተባለች መኪና በ1941 መሥራቱ እውነት ነው። በፎርድ መዝገብ ግን ጂ የመንግሥት ሥራ ማለት ናት፤ ፒ ደግሞ በፊትና በኋላ ጐማዎች መካከል ያለው ርቀት 80 ኢንች ነው ማለት ናት። ሠራዊቱ በኋላ የዊሊስን ንድፍ ሲመርጥ ፎርድ ያንኑ ንድፍ እንዲሠራ ታዘዘና ለዊሊስ ምልክት ደብሊውን ጨምሮ «ጂ ፒ ደብሊው» አለው። ዊሊስ ራሱ የሠራው «ኤም ቢ» ይባላል፤ ኤም ወታደራዊ ማለት ናት፤ ቢ ሁለተኛው ንድፍ ማለት ናት፤ ፊተኛው ኤም ኤ ነበርና። ጂፕ የሚለው ስም ግን ከየት እንደ መጣ ዛሬም ክርክር አለበት። አንዳንዶች ከ1936 ጀምሮ በአሜሪካ የሥዕል ቀልድ ላይ ይታይ ከነበረ ጂፕ ከተባለ ትንሽ እንስሳ ነው ይላሉ፤ ቃሉ ከመኪናዪቱ አስቀድሞ በወታደር አፍ መኖሩም ይነገራል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ የወታደር አፍ ከፋብሪካ መዝገብ ይልቅ ስም ያወጣልና።

ጀርመኖች በቃል ምሕጻር የታወቁ ናቸው፤ «ኤስ ዲ ኬ ኤፍ ዜድ» የሚለው ረዥም ምልክታቸው «ልዩ ተሽከርካሪ» ማለት ብቻ ነው። የታንኮቻቸውን ልዩ ልዩ ዐይነት በኤ፣ በቢ፣ በሲ ተራ ይሰይሙ ነበር። ነገር ግን በ1943 የወጣው ፓንተር የተባለው ታንክ መጀመሪያ ዲ ተብሎ፣ ከዚያ ኤ፣ በመጨረሻ ጂ ተባለ። ስለዚህ የፓንተር ኤ ታላቅ ወንድም ዲ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የታሪክ ጽሑፍ ሲያነብ ይገለበጥበታል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የጣልያኑ ነው። በ1935 ጣልያን አገራችንን ሲወር ይዟቸው የመጣው ትናንሽ ታንኮች «ሲ ቪ» ይባሉ ነበር። ሲ ቪ «ካሮ ቬሎቼ» ማለት ነው፤ ቬሎቼ ፈጣን ማለት ነው። ክብደታቸው ሦስት ቶን ገደማ ሆኖ፣ ሁለት ሰው ይይዙ ነበር፤ መትረየሳቸው ከፊት የተተከለ ነው፤ የሚዞር ማማ የላቸውም። በታኅሣሥ 15 ቀን 1935 በሽሬ በእንዳባጉና፣ ጣልያኖች ደምበጊና በሚሉት በር፣ የልዑል ራስ እምሩ ጦር ከእነዚህ ታንኮች ጋር ተገናኘ። ተዋጊዎቹ መትረየሱ ወደማይዞርበት ወደ ኋላና ወደ ጎን እየዞሩ ታንኮቹን በእጃቸው አስቀሩ። ፈጣን የተባለው በጠባብ በር ውስጥ ፍጥነቱ አልጠቀመውም። ጣልያኖች በ1938 ስሙን ለወጡትና «ኤል 3» አሉት፤ ኤል ቀላል ማለት ናት፤ 3 የቶኑ ቍጥር ነው። ከዚያ ወዲያ የሠሩት መካከለኛ ታንክ «ኤም 13/40» ተባለ። እዚህ ላይ ኤም ሞዴል አይደለችም፤ «ሜዲዮ» ማለትም መካከለኛ ማለት ናት፤ 13 ቶኑ ነው፤ 40 ዓመቱ ነው።

በዚያው ወረራ ዘመን ስንቅና ጥይት የጫነው ትልቁ ካሚዮን ፊያት 634 ኤን ነበር። ኤን «ናፍታ» ማለት ናት። የኛ «ናፍጣ» ከዚህ ቃል መምጣቷን የማያውቅ ካለ አሁን ይወቅ፤ ካንዴላም፣ ፍሬንም፣ ጋቢናም ከዚያው ቤት የመጡ ናቸው። ሕዝቡ ግን 634 የሚለውን አሳጥሮ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላም በተራራችን ላይ ጨውና ቡና ያመላለሰው ፊያት 682 በኤን 3 ስሙ «ኤንትሬ» ተባለ። ኤን የጣልያን፣ ትሬም የጣልያን ሦስት ናት። በዚሁ 682 ላይ ተሳቢ የሚጐትተው ራስ በኤን ፈንታ ቲ ይጻፍበት ነበር፤ «ትራቶሬ» ለማለት ነው። ቲ በአሜሪካ ሙከራ እንደ ነበረች አንባቢ አይዘንጋ።

በ1953 ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ ወዲህ የጋራዦቻችን መጽሐፍ በአሜሪካ ኤም ተሞላ። በ1977 ግን ይህ ግንኙነት ተቋርጦ የሶቪየት መሣሪያ መግባት ጀመረ፤ ያን ጊዜ ጸሐፊዎች ሁሉ ፊደላቸውን እንደገና ተማሩ። የሩስያው ቲ ታንክ ማለት ብቻ ናት፤ ቲ 55 «ታንክ 55» ነው። ቢ ቲ አር ብረት ለበስ ማጓጓዣ ማለት ነው። ቢ ኤም ፒ የእግረኛ ጦር የውጊያ መኪና ማለት ነው፤ ኤም እዚህ «ማሺና» ማለትም መኪና ናት። ነገር ግን ያቺው ኤም ከቍጥሩ በኋላ ስትመጣ፣ ለምሳሌ በቲ 62 ኤም ላይ፣ «የተሻሻለ» ማለት ትሆናለች። እንግዲህ ኤም በአሜሪካ ጦር ሞዴል፣ በዊሊስ ወታደራዊ፣ በጣልያን መካከለኛ፣ በሩስያ አንድ ጊዜ መኪና ሌላ ጊዜ የተሻሻለ ናት። ሹሙ በመዝገበ ቃላት ቢያጧት አይፈረድባቸውም።

የሩስያው ችግር በትርጕም ብቻ አይደለም፤ በቅርጽም ነው። የሩስያ «አር» የምትጻፈው እንደ ላቲን «ፒ» ነው፤ የሩስያ «ቪ» የምትጻፈው እንደ ላቲን «ቢ» ነው፤ የሩስያ «ኤስ» የምትጻፈው እንደ ላቲን «ሲ» ነው። ላቲን ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ የቢ ቲ አርን ሰሌዳ አይቶ «ቢ ቲ ፒ» ብሎ ቢገለብጥ ዐይኑ አላታለለውም፤ ፊደሉ ነው ያታለለው። በማርሻል ክሊመንት ቮሮሺሎቭ ስም ኬ ቪ የተባለውን ከባድ ታንክ «ኬ ቢ» ብለው የጻፉ መጻሕፍት እንዳሉም አይቻለሁ።

የሩስያ ካሚዮኖች ስም ደግሞ ከፋብሪካው ነው። ዋዝ የምንላት መኪና የኡልያኖቭስክ የመኪና ፋብሪካ ምሕጻር ናት። ዚል በሞስኮ የነበረው፣ በሊካቾቭ ስም የሚጠራው ፋብሪካ ነው። ቀድሞ በስታሊን ስም ይጠራ ነበርና ካሚዮኖቹ ዚስ ይባሉ ነበር፤ በ1956 የፋብሪካው ስም ሲለወጥ ዚስ 150 የነበረው ዚል 150 ሆነ። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዘመኑ ነው። በመጋዘን ውስጥ አንዱን ሣጥን ዚስ፣ ሌላውን ዚል የሚል ጽሑፍ ያየ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሁለት ዐይነት መኪና እንዳለው አድርጎ ቢመዘግብ፣ አንድ ፒስተን ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ወደ ሹሙ መዝገብ እንመለስ። ይህን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ አብረን ወደ ግቢው ወርደን የመኪናውን ሰሌዳ አየን። ከኤ 2 በኋላ አንዲት ሲ ተጨምራለች፤ ከእርስዋም ራቅ ብሎ ሁለት ደብሊው በጭረት ተለያይተው ተጽፈዋል። ሲ የጭነቱ ሣጥን ጎንና ጎኑ ወደ ታች የሚከፈት መሆኑን ታመለክታለች፤ ጭነት ከጎን ለማውረድ ይመቻል። ሁለቱ ደብሊው «ከዊንች ጋር» ማለት ናቸው፤ ዊንች የተባለው መኪናው ጭቃ ሲይዘው ራሱን የሚያወጣበት ከፊት የተተከለ የሽቦ ገመድ መጠቅለያ ነው። መዝገቡ ሁለቱንም ዘሏቸዋል። ሹሙም እርሳስ አውጥተው በአማርኛ «ጎኑ የሚከፈት፤ ባለ ዊንች» ብለው በራሳቸው እጅ ጨመሩ። «ባለ»ን አልተሳሳቷትም። ነገር ግን ወደ መኪናው ፊት ሄደን ስናይ ዊንቹ በቦታው አልነበረም፤ አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። እሳቸውም የጻፉትን አልሰረዙም፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርገው የንብረት ኀላፊውን ለማስጠራት ሄዱ።